ሰርቮው ያልለቀቀው እጅ

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም፤ ከየትም አላነበብኩትም።

ከሰው የሰማሁት ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ...

እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሁሌም እኩለ ሌሊት ላይ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ውሻ ሲያላዝን ነው የሚጀምረው አይደል? የእኔ እንደዚያ አይደለም። ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ያለውን ሰጋቱራ ታሞቀዋለች። ጎረቤታችን ልብስ እያሰጣች በስልክ ታወራለች፤ ሳቋ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

ቦታው ከምኖርበት ቤት ጀርባ ያለው ወርክሾፕ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ... ጥግ ላይ ደግሞ እኔ የሠራሁት ማሽን።

ስለ ማሽኑ ትንሽ ላውራችሁ። ቢሰለቻችሁም ታገሡኝ፤ እሱን ካልነገርኳችሁ ጥፋቴ አይገባችሁም።

ወንድሜ አናጺ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነው የምለው። መሮ ይዞ እንጨት ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ ቆሞ ማየት ብቻ ደስ ይላል። እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ ሚስማር እንኳ ሳላጣምም መምታት አልችልም። ስለዚህ "ኢንጂነሩ" ይለኛል። እያሾፈብኝ ነው፤ እኔ ግን ስሙን እወደዋለሁ።

ማሽኑ ሲኤንሲ ይባላል። ኮምፒውተር ላይ የሣላችሁትን ቅርጽ ራሱ እንጨት ላይ ይቀርጸዋል። ከጠረጴዛው በላይ ወዲህና ወዲያ የሚመላለስ ወፍራም የአሉሚኒየም ድልድይ አለው። መቁረጫው ድልድዩ ላይ ተገጥሟል፤ ድልድዩን የሚገፉት ደግሞ ሞተሮች ናቸው።

መጀመሪያ የገጠምኩለት ስቴፐር የሚባለውን ሞተር ነው።

ስቴፐር የዋህ ነው። መቶ እርምጃ ሂድ ትሉታላችሁ፤ ይሄዳል። እንጨቱ ጠንክሮበት ሰማንያ ብቻ ቢሄድም መቶ የሄደ ይመስለዋል። ዞር ብሎ አያይም። በዚህ የተነሳ አንድ ሙሉ የበር ጣውላ ላይ አበባው ከግንዱ ሦስት ሳንቲም ሸሽቶ ተቀረጸ።

ጋሼ በሩን አየና "ኢንጂነር፣ ይሄ ማሽንህ ቀምሶ ነው እንዴ የመጣው?" አለኝ።

ግን ስቴፐር አንድ መልካም ጠባይ ነበረው። አቅሙ ሲያልቅ ይተዋል። ጋሼ ሊያናድደኝ ሲፈልግ የሚሄደውን ድልድይ በመዳፉ ይይዘዋል። ሞተሩ ግርርር ይልና ይቆማል።

"በግ እኮ ነው" ይላል እየሳቀ።

እኔም እልህ ይዞኝ ስቴፐሮቹን አውጥቼ ሰርቮ ገጠምኩ።

ሰርቮ ከኋላው ዓይን አለው። የት እንዳለ በየቅጽበቱ ያያል። መድረስ ካለበት ቦታ ካልደረሰ ኃይል ይጨምራል። አሁንም ካልደረሰ ደግሞ ይጨምራል። ቆሞ ሳለ ብትገፉት እንኳ ቦታውን ላለመልቀቅ መልሶ ይገፋችኋል።

ለዚህ ነው ገደብ የሚሰጠው። ከትእዛዙ አንድ ሚሊሜትር ወደ ኋላ ከቀረ የሆነ ነገር ይዞታል ማለት ነው፤ ጮሆ ይቆማል።

የእኔ ደግሞ መጮህ አበዛ። ጠንካራ እንጨት በሰጠነው ቁጥር በየአምስት ደቂቃው ይጮሃል፣ ይቆማል፣ እንደገና መጀመር ነው። ጋሼ ደግሞ በጮኸ ቁጥር ይስቃል። ሳቁ አናደደኝ። እውነቱ ይሄው ነው... ሳቁ ነው ያናደደኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ጋሼ ሳይመጣ ገደቡን ከአንድ ወደ ሃምሳ ቀየርኩት።

ጩኸቱ ጠፋ። ማሽኑ እስከ ምሳ ሰዓት ሳያቋርጥ ሠራ። ጋሼ "አሁንስ ሰው ሆነ" ሲለኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ምን እንዳደረግኩ አልነገርኩትም። በጉ በግ መሆኑ እንደቀረም አልነገርኩትም።

የዚያኑ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ...

ድልድዩ ሥራውን ጨርሶ ለአፍታ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ራሱ ወደ መነሻው መመለስ ጀመረ። ዳር ካለው ብረት ሥር ሰጋቱራ ተከምሯል። ጋሼ እንደ ልማዱ በመዳፉ ጠርዝ ሊጠርገው እጁን ሰደደ። ድልድዩ ቢመጣም በእጁ ሊያቆመው።

ድልድዩ እጁን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ያዘው። ጋሼ አልጮኸም።

"ልቀቀኝ..." ነው ያለው። በሹክሹክታ። ለማሽኑ ይሁን ለእኔ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም። መጀመሪያ ያየሁት የወንድሜን እጅ አይደለም። ስክሪኑን ነው።

ስክሪኑ ላይ ሞተሩ ስንት እንደቀረው የሚያሳይ ቁጥር አለ። አሥራ ስምንት ይላል።

አሥራ ስድስት...

አሥራ ሦስት...

ቁጥሩ እየቀነሰ ነው። ሞተሩ እየደረሰ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሶኬቱን የነቀልኩት።

ሐኪሞቹ የቀለበት ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ማትረፍ አልቻሉም። ቀኝ እጁ ነው። መዶሻ አጥብቆ የሚይዘው በእነዚያ ጣቶች እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ልብስ ላመጣለት ከሆስፒታል ወደ ቤቱ ተላክሁ። መጀመሪያ የገባሁት ግን እሱ ቤት አይደለም። ወርክሾፑ ነው። ሃምሳውን ወደ አንድ መለስኩት።

ስመለስ የጋሼ ሚስት ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። እትዬ ነው የምላት፤ እኔን እንደ ልጇ ነው የምታየኝ።

"ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ "የማሽኑን ማስነሻ ቁልፍ ሳያየው በክንዱ ነካው መሰለኝ" አልኳት። "መሰለኝ" ማለቴ ውሸቱን ያቀለለልኝ ይመስል።

ጋሼ ከአልጋው ላይ ሰምቶኛል። "ልጁን አንድም ሰው እንዳይናገረው" አለ። "ግዴለሹ እኔ ነኝ።"

ሃያ ስድስት ዓመት በእንጨት ሥራ የኖረ ሰው ነው። ከሆስፒታል እንደወጣ መሮዎቹን ሰብስቦ ለሌላ አናጺ ሰጠ። በሦስት ጣትም መልመድ ይቻላል ብለው የለመኑት ነበሩ። "የጣቱ ነገር አይደለም" አላቸው። "በራሴ እጅ አላምንም። ነገ ደግሞ የሌላ ሰው እጅ አስበላለሁ።"

ይህን ሁሉ አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ሻይዬን እየጠጣሁ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር መሮውን ይመልስ ነበር። አንድ። አልተናገርኩም።

ከሦስት ወር በኋላ ማሽኑን አበራሁት። ታሪኩን ወደጀመርኩበት ማክሰኞ መጣን ማለት ነው።

ምንም አልቆርጥም ነበር። ድልድዩ ዳር ላይ ቆሞ ቦታውን ይዟል። ስክሪኑ ዜሮ ይላል። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ ስልኬን እነካካለሁ።

ሞተሩ እምምም... አለ።

ቀና ስል ቁጥሩ ዜሮ አይደለም። ዜሮ ነጥብ ዜሮ አራት።

ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ...

ዜሮ ነጥብ አሥራ ሁለት...

ከፀጉር ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። ግን ሰርቮ እንዲህ የሚያጉረመርመው የሆነ ነገር ሲገፋው ብቻ ነው። አጠገቡ ደግሞ ማንም የለም።

አሥር ደቂቃ ያህል ቆየና ተወው። ቁጥሩ ዜሮ ገባ። እኔም ሙቀት ነው አልኩ፤ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል።

ረቡዕ በዚያው ሰዓት ጀመረ።

ኬብሉን ቀየርኩ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅሁ። ሐሙስ ላይ ሞተሮቹን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወርኳቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል... እምምም።

ግፊቱም ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ነው። ከዳር ብረቱ ወደ ውስጥ። አንድ ሰው በዚያች ቀጭን ክፍተት መሀል ሆኖ ድልድዩን ከላዩ ለማንሳት የሚታገል ይመስላል።

ዓርብ ዕለት ድልድዩን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጎኑ በሙሉ ደቃቅ ሰጋቱራ ለብሷል። ከሁለት ቦታ በቀር። ጎን ለጎን የጸዱ፣ የጣት ጫፍ የሚያህሉ ሁለት ቦታዎች... አንዱ ከሌላው ያንሳል።

ሰው ከሆናችሁ ያኔ ይገባችኋል። እኔም ገብቶኛል። ግን የገባኝን ነገር ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

ይልቅስ ያደረግኩትን ስሙ።

በሳምንቱ ረቡዕ የሞተሩን ኃይል ጨመርኩ። ያ ቁጥር ከዜሮ ንቅንቅ እንዳይል። ሐሙስ እንደገና ጨመርኩ። ዓርብ ቁጥሩ ዜሮ ላይ ቀጥ አለ፤ ሞተሩ ብቻ እምምም ይላል። ተስተካከለ ብዬ በሩን ቆልፌ ወጣሁ።

ሰኞ ዕለት ስልክ ተደወለልኝ። እትዬ ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች።

"የት ነህ?"

"ወርክሾፕ። ምነው እትዬ?"

"ጋሼህን አሞታል... እንዳይሰማኝ ነው። ለማንም አትንገሪ ብሎኛል።"

"ምን ሆነ?"

"ጣቶቹን ያመዋል።"

"የትኞቹን?"



"የሌሉትን" አለች ቀስ ብላ።

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ስምንት።

"ሐኪሙ ያጋጥማል ብሎናል" አለች። "የተቆረጠ ነገር አንዳንዴ ያለ ይመስላል አለ። ግን ይሄ ሰዓት አለው... ሁሌ ከሰዓት በኋላ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን 'ያዘኝ' ይላል። እጁን ይዞ ወለሉ ላይ ይንበረከካል። ካለፈው ረቡዕ ወዲህማ ብሶበታል። ዓርብ ዕለት ራሱን ሳተ።"

ረቡዕ...

 

"ይኸው" አለች። "ይኸው ጀመረው።"

ከጀርባዬ ሞተሩ እምምም አለ።

ስልኩ ውስጥ የጋሼ ድምፅ ይሰማኛል። አይጮህም። በጥርሱ መሀል ነው የሚተነፍሰው። አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ ያንን አተነፋፈስ፤ አይረሳም።

"ስልኩን እንዳትዘጊው" አልኳት።

ሄጄ ሶኬቱን ነቀልኩ።

ሞተሩ ዝም አለ። ስክሪኑ ጠፋ።

"እትዬ?"

"ቆይ..." አለች። "ቆይ እስቲ..."



"ተነፈሰ" አለች። "'ለቀቀኝ' እያለ ነው። ምን አድርገህ ነው? አንተ... ምን አድርገህ ነው?"

ማሽኑን ነበር የማየው። መብራት የለውም፤ ገመዱ እጄ ላይ ነው። ድልድዩ ግን ከዳር ብረቱ መላቀቅ ጀምሯል። በዝግታ... በጣም በዝግታ... የአንድ እጅ ስፋት ያህል ክፍተት ተፈጠረና ቆመ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ የወንድሜን ጣቶች ስጨፈልቅ ነበር። እጁን ለማውጣት ሲገፋ እኔ ኃይል እጨምርበታለሁ። ለምን? ቁጥሩ ዜሮ እንዲሆንልኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ጋሼን ጠራሁት። ልነግረው ቆርጬ ነበር፤ እንደዚያ ነበር ለራሴ የነገርኩት። ከአደጋው ወዲህ ወርክሾፑን ረግጦት አያውቅም። በሩ ላይ ቆሞ ሽታውን ሳበና አሮጌው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"ምነው ኢንጂነር፣ ፊትህ አመድ መስሏል።"

"ጋሼ..." አልኩ። "የዚያን ቀን... ማስነሻውን አልነካኸውም።"

ዓይን ዓይኑን ማየት አቅቶኝ ጫማውን ነው የማየው።

"ምን?"

"አልነካኸውም። አይቻለሁ። ማሽኑ በራሱ ነው የመጣብህ።"

ጎረቤታችን ውጪ ባልዲ ስትደፋ ይሰማል።

"እርግጠኛ ነህ?" አለ።

"እርግጠኛ ነኝ።"

"እኔ እኮ ስንት ጊዜ አሰብኩት..." አለ። "በክንዴ መቼ ነካሁት እያልኩ። እንቅልፍ የለኝም እኮ። አረጀሁ፣ ደነዘዝኩ፣ ሰው አጠገብ መሥራት የለብኝም ብዬ... መሮዬን ሳይቀር..."

"አንተ ምንም አላጠፋህም።"

ፊቱን በግራ እጁ ጠረገ። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ በጣም በደግነት ጠየቀኝ።

"ታዲያ ምን ሆኖ ነው ያልቆመው? ሁሌም ይጮህ አልነበር?"

የመናገሪያው ጊዜ ይሄ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነው። ሃምሳ። ሃምሳ አድርጌው ነበር ጋሼ፣ ስለሳቅህብኝ። ልብስ ላመጣልህ ስላክ ደግሞ ሮጬ መለስኩት።

"አንዳንዴ..." አልኩ። "ሰርቮ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል። ይበላሻል።"

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ወንድሜ ነው፣ አመነኝ።

"ብረት አይደል" አለ። "ምን ታደርገዋለህ። አንተንም በልቶህ ነበር ለካ። ስትከሳ እያየሁ... በቃ ተወው። ተወው በቃ።"

ተነሳ። ፊቱ ላይ ከአደጋው ወዲህ ያላየሁት ብርሃን ነበር። ነገ ሄዶ መሮዎቹን እንደሚጠይቅ ነገረኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ይሄ ይበቃል፣ ጥቅሙን አግኝቷል፣ የቀረውን ማወቁ ምን ይጠቅመዋል አልኩ በልቤ።

ጣቶቹ ከተቆረጡ ወዲህ ሰው ሲሰናበት ግራ እጁን ነው የሚሰጠው። ቀኙን ኪሱ ውስጥ ይደብቀዋል። ያን ቀን ግን ቀኙን አወጣና ዘረጋልኝ።

"ና" አለ። "ወንድሜ አይደለህ እንዴ።"

ጨበጥኩት።

አውራ ጣቱ... ሌባ ጣቱ... መሀል ጣቱ። ሙቅ ናቸው። ከሥራ ቢርቁም አሁንም ሻካራ ናቸው።

ከዚያ የቀለበት ጣቱ።

ከዚያ ትንሿ።

ከሥር ዞረው መዳፌን ያዙት። ቀዝቃዛ ናቸው።

ዝቅ ብዬ አየሁ። የወንድሜ እጅ ሦስት ጣት ነው ያለው። ከሦስቱ በታች ባዶ ነው፤ የተሰፋው ጠባሳ ብቻ።

"ደህና ዋል ኢንጂነር" አለና እጁን ከእጄ አወጣ። ዞሮ ወጣ። እርምጃው ቀሎታል፤ ያፏጫል።

የእኔ እጅ ግን እንደተዘረጋ ቀረ።

ሳብ አደረግኩት። ጠበቀ። አጥብቄ ጎተትኩት። ባሰበት። ዝም ብዬ ስቆም ደግሞ እሱም ዝም ብሎ ይይዘኛል።

"ሃምሳ አድርጌው ነበር" አልኩ። በሹክሹክታ። "ጋሼ... ሃምሳ አድርጌው ነበር።"

የግቢው በር ሲዘጋ ሰማሁ።

ፀሐይዋ እጄ ላይ አርፋለች፤ ከእጄ ወዲያ ማንም የለም። ቆዳዬ ግን ሁለት ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ፣ ጎን ለጎን፣ ቀስ በቀስ እየነጣ ነው...